8 ኢንች ታብሌት ላይ ከፍተኛ ሪዞሉሽን ጥቅም አለው ወይስ ለወሬ ነው?

አንባቢዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ታብሌት ልገዛ ነው፤ 8 ኢንች አካባቢ፣ በአንድ እጅ የሚያዝ። ሁለት ሞዴል ላይ ቆሜያለሁ። የአንደኛው ስክሪን 1280 በ800 ፒክሰል (ነጥብ) ነው፣ የሌላው 1920 በ1200። ራሙም ፕሮሰሰሩም ባትሪውም ያው ነው ማለት ይቻላል። ዋጋቸው ግን አይቀራረብም።

ወንድሜ «በዚህች ስክሪን ላይ ልዩነቱን በአጉሊ መነጽር ካልሆነ አታዪውም» ይለኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ዝቅተኛውን ከገዛሽ ዓይንሽን አጠፋሽው» ትላለች። በአብዛኛው የምጠቀምበት ለንባብ ነው። ማታ ማታ ፊልም አያለሁ። ጌም አልጫወትም። ማንን ልስማ?

ፒክሰል ቆጣሪ

ሁለቱም አጋነዋል። ሒሳቡ ከባድ ስላልሆነ አብረን እንሥራው።

በዓይን ምርመራ 20/20 የሚባለው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ የሚያየው በመካከላቸው የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ያህል ሲኖር ነው። ታብሌቱን ከዓይንሽ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ከያዝሽው ይህ ማዕዘን ስክሪኑ ላይ 0.087 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። በአንድ ኢንች ውስጥ ስንት ይገባል? 290 አካባቢ። 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ 218 ይበቃሻል። ግማሽ ሜትር ላይ 175።

አሁን ወደ ታብሌቶቹ። ወርዱን በራሱ አባዢ፣ ቁመቱንም በራሱ አባዢ፣ ደምሪ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጪ፣ ከዚያ ለ8 አካፍይ። 1280 በ800 የሆነው በኢንች 189 ፒክሰል ይሰጥሻል። 1920 በ1200 የሆነው 283። መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት የመጀመሪያው ከልክ በታች ነው፣ ሁለተኛው ልኩን ይነካል። ስለዚህ ልዩነቱ ያለ አጉሊ መነጽር ይታያል። ዓይን ማጥፋት የሚባለው ግን ወሬ ነው።

ነገረኛው

ደስ ይላል። ግን ታብሌት በማስመሪያ ለክቶ የሚይዝ ሰው አይቼ አላውቅም። እኔ የምጠቀመው ያንኑ 1280 በ800 ነው። አነብበታለሁ፣ ኳስ አይበታለሁ፣ ልጆቹ ካርቱን ያዩበታል። አንድም ቀን «ወይኔ ፒክሰሉ» ብዬ አላውቅም። ይሄ ሁሉ ቁጥር ሰው አዲስ ዕቃ እንዲገዛ የሚነዛ ነገር ነው።

ፒክሰል ቆጣሪ

ነገረኛው፣ ስልክህ ስንት ነው? ብዙ የዛሬ ስልክ በኢንች 400 አካባቢ ነው። ስልክህንና ታብሌትህን ጎን ለጎን አድርገህ አንድ ዓይነት ጽሑፍ ክፈትባቸው። ካላየኸው እንነጋገራለን።

ነገረኛው

ስልኬን ከታብሌቴ ጋር ለምን ጎን ለጎን አደርጋለሁ? አንዱን ሳይ ሌላው ኪሴ ውስጥ ነው።

(እሺ፣ አደረግኩት። ስልኩ ይበልጣል። ቢሆንም አይረብሸኝም።)

ሦስተኛ ዓመት

አንባቢዋ፣ «ለንባብ» ያልሽው ምን ዓይነት ንባብ ነው? ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ያለው።

ኢፐብ ከሆነ፣ ማለትም ጽሑፉ እንደ ስክሪኑ ስፋት የሚጣጠፍ ፋይል ከሆነ፣ ፊደሉን የፈለግሽውን ያህል ታሳድጊዋለሽ። ፊደል ባደገ ቁጥር ብዙ ፒክሰል ይደርሰዋል። 189ም ቢሆን ምንም አይልም። ነገረኛው እውነቱን ነው።

ስካን የተደረገ ፒዲኤፍ ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የኔ ኑሮ እሱ ላይ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ልንገርሽ። የኤ4 ወረቀት ወርዱ 210 ሚሊ ሜትር ነው። 8 ኢንች ታብሌት ቀጥ ብሎ ሲያዝ ወርዱ 108 ሚሊ ሜትር አይሞላም። ገጹ በግማሽ ገደማ አነሰ ማለት ነው። በ12 ፖይንት (ፖይንት የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የታተመው ፊደል በ6 ፖይንት ቀረበልሽ። ይሄ በሁለቱም ታብሌት ላይ እኩል ነው፤ ሪዞሉሽን አያድንሽም።

አሁን ፒክሰሉን ቁጠሪ። ዝቅተኛው ስክሪን ለመላው የገጹ ወርድ ያለው 800 ፒክሰል ነው። ሲካፈል ለ12 ፖይንት ፊደል የሚደርሰው ቁመት 16 ፒክሰል ነው፤ እሱም ከላይና ከታች ያለውን ባዶ ቦታ ጨምሮ። በ8 ፖይንት የተጻፈ የግርጌ ማስታወሻ ደግሞ 11 ፒክሰል እንኳ አይሞላም። ከፍተኛው ስክሪን ላይ ቁጥሮቹ 24 እና 16 ይሆናሉ። ልብ በዪ፤ ከፍተኛው ስክሪን ላይ የግርጌ ማስታወሻው የሚያገኘው፣ ዝቅተኛው ላይ ዋናው ጽሑፍ የሚያገኘውን ያህል ነው።

የኛ ፊደል ላይ ደግሞ ይሄ ይብሳል። «ከ» እና «ኸ» የሚለያዩት ከላይ በምትቀመጥ አንዲት ሰረዝ ነው። «ላ» እና «ሏ» እንደዚያው፣ እግር ላይ ባለች ጭረት። 11 ፒክሰል ውስጥ ያቺ ጭረት አንድ ረድፍ ነው የምትደርሳት፣ እሱም ከደረሳት። በመሐል ከወደቀች ግማሽ ግራጫ ሆና ትቀራለች። ያኔ የምታነቢው ፊደሉን አይደለም፣ ከዐረፍተ ነገሩ ገምተሽ ነው። ስም ወይም ቁጥር ሲሆን ደግሞ ግምት አያዋጣም።

አንባቢዋ

በጣም አመሰግናለሁ። ሁለቱም አለኝ። ልብ ወለድ በኢፐብ፣ የቆዩ መጻሕፍት ደግሞ ስካን። የስካኖቹ ቁጥር ይበልጣል ብል ነው የሚሻለው።

ዝምታ ወርቅ ነው

አግድም ያዢው።

ሦስተኛ ዓመት

ወርቁ ሰውዬ ትክክል ነው፣ ባያብራራውም። ዝቅተኛውን ታብሌት አግድም ካደረግሽው ወርዱ 1280 ፒክሰል ይሆናል። ያው የ12 ፖይንት ፊደል ወደ 26 ፒክሰል ያድጋል። በመጠንም ገጹ ከወረቀቱ 80 በመቶ በላይ ይደርሳል። ዋጋው ምንድን ነው? ገጹን በአንድ ጊዜ ሙሉውን አታዪውም፤ እየገፋሽ ነው። በሁለት ዓምድ የተጻፈ ጽሑፍ ላይ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ መመለስ ያሰለቻል። ግን ላለው ታብሌት መፍትሔ ነው።

ጠርዙን የሚቆርጥ አፕ መጠቀምም ይረዳል። ብዙ መጽሐፍ ግራና ቀኝ ሰፊ ባዶ ህዳግ አለው። እሱን ስትቆርጪ ያ ሁሉ ፒክሰል ለጽሑፉ ይሆናል።

ባለመነጽሩ

እንደምን አላችሁ። በዕድሜ ከብዙዎቻችሁ ስለምበልጥ አንድ ነገር ልጨምር። የምትሠሩት ሒሳብ ሁሉ የወጣት ዓይን ሒሳብ ነው። ከ40 ዓመት ወዲህ ዓይን ቅርብ ነገር ላይ ማተኮር እየተሳነው ይሄዳል። እኔ ያለ ማንበቢያ መነጽር ታብሌቱን ክንዴን ዘርግቼ ነው የምይዘው። ፒክሰል ቆጣሪ እንዳለው ግማሽ ሜትር ላይ 175 ይበቃል ከተባለ፣ ለኔ ዝቅተኛው ስክሪን ይተርፋል። የሚያስፈልገኝ ትልቅ ፊደልና ደማቅ ንጽጽር ነው።

ሆኖም የሙዚቃ ኖታ ሳነብ ነገሩ ይለወጣል። መነጽር አድርጌ እቀርባለሁ። የኖታ አምስት መስመሮች ቀጫጭን ናቸው። ዝቅተኛ ስክሪን ላይ አንዱ መስመር ደምቆ ሌላው ደብዝዞ ይወጣል። ነጥቧ መስመር ላይ ናት ወይስ በመስመሮቹ መካከል? ሙዚቃ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

ፒክሰል ቆጣሪ

ጋሼ፣ በጣም ትክክል ብለዋል። የመስመሮቹ ነገር ምክንያት አለው። ቀድሜ የጻፍኩት ልክ ሁለት ነጥቦችን ለመለየት ነው። ዓይን ግን አንድ መስመር ከቦታው ሸርተት ማለቱን የሚያውቀው ከዚያ በብዙ እጥፍ ባነሰ መጠን ነው። ለዚህ ነው ሰያፍ መስመር ላይ ያሉ ደረጃዎች፣ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች፣ የክብ ፊደል ጠርዞች ከተጠበቀው በላይ ዓይን ውስጥ የሚገቡት።

በተቃራኒው ቅርብ አይ የሆኑ ሰዎች አሉ። ማዮፒያ ያለበት ሰው መነጽሩን አውልቆ አልጋ ላይ ሲያነብ ታብሌቱን 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ያመጣዋል። ለሱ 283ም አይበቃም።

ነገረኛው

አሁን ደግሞ 283ም አነሰ! ነገ «500 ካልሆነ አይነበብም» ትሉናላችሁ።

ፒክሰል ቆጣሪ

አልልም። ጣሪያ አለው። ስቲቭ ጆብስ በ2010 (በፈረንጆቹ) አይፎን 4ን ሲያስተዋውቅ ከ10 እስከ 12 ኢንች ርቀት ላይ የሰው ዓይን ልክ 300 አካባቢ ነው ብሎ ነበር። 20/20 አማካይ እንጂ ጣሪያ አይደለም፤ ከዚያ የተሻለ የሚያዩ ብዙ ወጣቶች አሉ። ግን ለንባብ 300 አካባቢ ሲደርስ የጨመርከው ሁሉ ጥቅሙ እየሳሳ ነው የሚሄደው። ለዚህ ይመስለኛል የንባብ መሣሪያዎቹ እዚያው የቆሙት። ኪንድል ፔፐርዋይት በ2012 ሲወጣ 212 ነበር፣ በ2015 300 ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ማንም ወደ 400 አልሮጠም።

ትንንሽ ታብሌቶችም ላይ ያው ነው። የመጀመሪያው አይፓድ ሚኒ በ2012 163 ነበር። በዓመቱ ሁለተኛው 326 ሆኖ መጣ። በ2021 የወጣው ስድስተኛው ትውልድ ስክሪኑ ሰፍቶ 8.3 ኢንች ቢሆንም ቁጥሩ ያው 326 ነው። የጉግል ታብሌት ኔክሰስ 7 ከ216 ወደ 323 ሄደ። ሁሉም በአንድ ሰሞን ዘለሉ፣ ከዚያ ዝም አሉ።

ጌመር ነኝ

ማንም ያላነሳው ነገር አለ። 1280 በ800 ማለት አንድ ሚሊዮን ፒክሰል ነው። 1920 በ1200 ማለት 2.3 ሚሊዮን። ርካሽ ታብሌት ላይ ያለው የግራፊክስ ቺፕ ያው ነው፤ የሚቀባው ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ። ደካማ ፕሮሰሰር ላይ ትልቅ ሪዞሉሽን መጫን ማለት ጌሙ ይንተባተባል፣ ታብሌቱ ይሞቃል። አንባቢዋ «ፕሮሰሰሩ ያው ነው» ስላለች ነው የጻፍኩት። ብዙ ጌሞች በውስጥ በዝቅተኛ ሪዞሉሽን ሠርተው ወደ ላይ ይለጥጡታል፣ ስለዚህ ጌም ላይ ልዩነቱን ላታዪው ትችያለሽ። ግን ገጽ ሲገፋ መንቀርፈፍ ካለ ታዪዋለሽ።

ኮሚክ አፍቃሪ

ጌም አልጫወትም ብላለች እኮ 😂

ጌመር ነኝ

አነበብኩ። ከባድ ፒዲኤፍ መክፈትም ራምና ፕሮሰሰር ይፈልጋል ለማለት ነው። ስካን የተደረገ ገጽ ምስል ነው። 300 ገጽ ምስል። ከፍ ባለ ስክሪን ላይ እያንዳንዱን ገጽ አሳምሮ ለማውጣት ብዙ ይሠራል። 2 ጊጋ ራም ያለው ታብሌት ላይ ገጹን ስትገልጪ መጀመሪያ የደበዘዘ ነገር ይመጣል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጠራል። ስክሪኑ ሳይሆን ራሙ ነው የሚያናድድሽ።

ጥገና ቤት

እኔ ታብሌት እጠግናለሁ። ከሰዎች የምሰማው «ስክሪኑ ጥራት የለውም» የሚል ነው። ሲታይ ግን ግማሹ የሪዞሉሽን ጉዳይ አይደለም።

አንደኛ፣ መስተዋቱና ስክሪኑ መካከል ክፍተት ያለባቸው አሉ። ርካሾቹ ላይ ይበዛል። ብርሃን በዚያ ክፍተት ውስጥ ይንጸባረቃል፤ ጽሑፉም መስተዋቱ ሥር የሰመጠ ይመስላል። ጥሩዎቹ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ነው የሚመጡት፤ ፊደሉ መስተዋቱ ላይ የተጻፈ ነው የሚመስለው። አንድ ዓይነት ሪዞሉሽን ያላቸውን ሁለት ታብሌቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አይቻለሁ። የተጣበቀው ሁልጊዜ የጠራ ይመስላል።

ሁለተኛ፣ የስክሪኑ ዓይነት። ቲኤን የሚባለው ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ይገለበጣል። ታብሌት ደግሞ ቀጥም አግድምም ይያዛል። ቲኤን ከሆነ 1920ም ቢሆን ይቅርባችሁ። ከጎን ሲታይ ቀለሙ የማይገለበጠው አይፒኤስ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ኦሌድ፤ እያንዳንዱ ፒክሰል ራሱ የሚያበራበት ስክሪን። ጥቁሩ ጥቁር ነው፣ ያማረ ነው። ግን ብዙዎቹ ላይ እያንዳንዱ ፒክሰል ሦስት ሳይሆን ሁለት ንዑስ ነጥብ ነው ያለው፤ ከጎረቤቱ ይበደራል። በወረቀት ላይ 283 የተባለ ኦሌድ ጽሑፍ ላይ እንደ 283 ኤልሲዲ (ቲኤንም አይፒኤስም የሱ ዓይነት ናቸው) አይጠራም። ከፍ ባለ ቁጥር ላይ አይታወቅም፣ 200ዎቹ ላይ ግን የፊደሉ ጠርዝ ጸጉር ያወጣ ይመስላል።

አንባቢዋ

ሁለቱም አይፒኤስ ነው የሚለው። መጣበቁን ግን አይጽፉም። እንዴት ልወቅ?

ጥገና ቤት

ስክሪኑ ተዘግቶ ሳለ መብራት ሥር አዘንብይው። የመብራቱ ነጸብራቅ ሁለት ሆኖ ከታየሽ፣ አንዱ ደማቅ ሌላው ከሥሩ ደብዘዝ ያለ፣ ክፍተት አለው። በጣትሽ ቀስ ብለሽ ስትነኪው ባዶ ድምፅ የሚሰጥም አለ።

ባለመነጽሩ

ባትሪውስ? ስክሪኑ ከፍ ሲል ባትሪ ይበላል ይባላል።

ፒክሰል ቆጣሪ

ይበላል ጋሼ፤ ግን ሰው እንደሚያስበው ብዙ ፒክሰል መቀባቱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። ኤልሲዲ ላይ ባትሪውን የሚጨርሰው ከኋላ ያለው መብራት ነው። እያንዳንዱ ፒክሰል የራሱ ትራንዚስተርና ሽቦ አለው፤ እነሱ ብርሃን አያሳልፉም። ፒክሰሉ በመጠን ባነሰ ቁጥር ትራንዚስተሩ ከቦታው የሚወስደው ድርሻ ይጨምራል። መስኮት ላይ ፍርግርግ ሲበዛ ክፍሉ እንደሚጨልመው ነው። ያንኑ ድምቀት ለማግኘት የኋላው መብራት ይበልጥ መብራት አለበት።

ይህ በግልጽ የታየው 2012 ላይ ነው። አይፓድ 2 ባትሪው 25 ዋት ሰዓት ነበር። ሦስተኛው አይፓድ 2048 በ1536 ሲሆን ባትሪው 42.5 ሆነ። ያ ሁሉ ጭማሪ ሰዓቱን ለማርዘም አልነበረም፣ ያው 10 ሰዓት ነው የተባለው። ታብሌቱ ወፈረ፣ ከበደ። ከዓመት በኋላ ግን ኔክሰስ 7 ሪዞሉሽኑ ሲያድግ ባትሪው ከ4325 ወደ 3950 ሚሊ አምፒር ሰዓት ወረደ፤ ታብሌቱም ቀጠነ። ቴክኖሎጂው እየደረሰበት መጣ ማለት ነው። ዛሬ 8 ኢንች ላይ ከ1280 ወደ 1920 መሄድ የአይፓድ 3ን ዓይነት ጣጣ አያመጣም። ትንሽ ይበላል፣ እሱም ብራይትነሱን ባወረዳችሁ ቁጥር ይጠፋል።

ኮሚክ አፍቃሪ

ስለ ፊልሙስ? እኔ ብዬ ልሙት ፊልም ላይ ልዩነት የለውም ባይ ነኝ።

ነገረኛው

በመጨረሻ አንድ ጤነኛ ሰው።

ጌመር ነኝ

ፊልም ላይ እኔም እስማማለሁ፤ ምስሉ ይንቀሳቀሳል፣ ታብሌቱን ደግሞ ራቅ አድርገሽ አቁመሽ ወይ አስደግፈሽ ነው የምታዪው። 720ፒ ቪዲዮ ማለት 1280 በ720 ነው። 1280 በ800 ስክሪን ላይ ሳይለጠጥ ሳይጨመቅ ልክክ ይላል፤ ከላይና ከታች 40፣ 40 ፒክሰል ጥቁር ይቀራል። 1080ፒ ደግሞ 1920 በ1200 ላይ እንዲሁ ልክክ ይላል። ዳታ ለመቆጠብ 480ፒ የምታዪ ከሆነ ሁለቱም ታብሌት ላይ ያው ድብዝዝ ነው።

የግርጌ ጽሑፍ ያለው ፊልም ላይ ብቻ ትንሽ ይታወቃል። ፊደሉ ይጠራል።

ጥገና ቤት

ፊልም ላይ ከሪዞሉሽን በፊት የሚጠየቅ ሌላ ጥያቄ አለ። ዋይድቫይን። ይሄ ኔትፍሊክስና መሰሎቹ የሚጠቀሙበት የመቆለፊያ ሥርዓት ነው። ታብሌቱ «ኤል1» ካልሆነና «ኤል3» ከሆነ ኔትፍሊክስ ከ480ፒ በላይ አይለቅም። ስክሪኑ የፈለገውን ይሁን። 1920 በ1200 ብለው ገዝተው ፊልሙ እንደ ጭቃ የሆነባቸው ሰዎች ወደኔ ይመጣሉ። የሚጠገን ነገር የለውም። ታብሌቱ ላይ የሚያሳይ ነፃ አፕ አለ፤ ከመግዛታችሁ በፊት አስከፍታችሁ እዩ።

እግረ መንገዴን፣ ማስታወቂያ ላይ «1080ፒ ይደግፋል» የሚለውን ከስክሪኑ ሪዞሉሽን ጋር አታምታቱ። ፋይሉን መክፈት ይችላል ማለት ነው እንጂ ስክሪኑ ያን ያህል ፒክሰል አለው ማለት አይደለም። 1024 በ600 ስክሪን ላይ በትልቁ «ፉል ኤችዲ ቪዲዮ» ተለጥፎ አይቻለሁ። መጠርጠር ከጀመራችሁ ስክሪንሾት አንሡና በጋለሪ የምስሉን ዝርዝር ክፈቱ፤ ታብሌቱ በስንት ፒክሰል እንደሚሠራ እዚያ ይጻፋል።

ኮሚክ አፍቃሪ

ይሄ ጠቃሚ ነው፣ ይመችህ።

ስለ ኮሚክ አንድ ነገር ልበልና ልውጣ። ሥዕሉ ዝቅተኛ ስክሪን ላይም ያምራል። የሚያስቸግረው በአረፋው ውስጥ ያለው ንግግር ነው። ፊደሉ የሥዕሉ አካል ስለሆነ ለብቻው አያድግም። ገጹን ሙሉውን እያየሁ ማንበብ የቻልኩት ከፍተኛው ላይ ነው። ዝቅተኛው ላይ በየሣጥኑ ዙም ማድረግ ነው፤ ያኔ የገጹ አጠቃላይ ውበት ይጠፋል።

አንባቢዋ

እንግዲህ ወሰንኩ። ስካኖቼ ስለሚበዙ 1920 በ1200ውን እወስዳለሁ፤ ግን መጀመሪያ መብራት ሥር አዘንብዬ አያለሁ። ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ይበቃል ብዬ አሰብኩ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ። ፒክሰሉ ሲበዛ በስክሪኑ ላይ ያሉት ነገሮች ሁሉ ያንሳሉ እንዴ? አይኮኑም ጽሑፉም? ወንድሜ እንደዚያ ነው የሚለው።

ነገረኛው

ኮምፒውተር ላይ ያንሳሉ። ወንድምሽ ልክ ነው።

ፒክሰል ቆጣሪ

የድሮ ኮምፒውተር ላይ አዎ። አንድሮይድ ላይ አይደለም። አንድሮይድ ነገሮችን በፒክሰል ሳይሆን ዲፒ በሚባል መለኪያ ነው የሚያስቀምጠው። አንድ ዲፒ 160 ነጥብ በኢንች ባለው ስክሪን ላይ አንድ ፒክሰል ነው። ጥቅጥቅ ባለ ስክሪን ላይ ከአንድ በላይ ይሆናል። ዝቅተኛው ታብሌት በ213 ጥግግት ሲዋቀር 800 ፒክሰሉ 600 ዲፒ ይሆናል። ከፍተኛው በ320 ሲዋቀር 1200 ፒክሰሉ ያው 600 ዲፒ ይሆናል። አይኮኑ በሁለቱም ላይ አንድ ስፋት አለው። ከፍተኛው ላይ ጠርዙ ይጠራል፣ ያ ብቻ ነው።

የማነስ ነገር በትክክል የደረሰው የመጀመሪያው አይፓድ ሚኒ ላይ ነው። ያው የ9.7 ኢንቹ አይፓድ 1024 በ768 ተወስዶ 7.9 ኢንች ውስጥ ገባ። ሁሉም ነገር አንድ ላይ አነሰ። ሁለተኛው ሚኒም መጠኑን አላሳደገም፣ አጠራው እንጂ።

ባለመነጽሩ

እኔ ግን እንዲያንስ ብፈልግስ? ኖታው ላይ ሳይሆን የአፑ ቁልፎች ግማሽ ስክሪን ይዘውብኛል።

ፒክሰል ቆጣሪ

ይቻላል ጋሼ። ሴቲንግ ውስጥ «ዲስፕሌይ ሳይዝ» የሚለውን ያሳንሱት። ያ ካልበቃዎት «አባውት» ውስጥ ገብተው «ቢልድ ነምበር» የሚለውን ሰባት ጊዜ ይንኩ፤ የገንቢዎች ምርጫ ይከፈታል። እዚያ «ስሞለስት ዊድዝ» የሚል አለ። 600 ከሆነ 720 ያድርጉት። የመጀመሪያውን ቁጥር ግን ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ፊደሉ ብቻ አነሰብኝ ካሉ «ፎንት ሳይዝ» ለብቻው ስላለ እሱን ከፍ ያደርጉታል።

ባለመነጽሩ

720 አደረግሁት። ቁልፎቹ አንሰው ኖታው ሁለት መስመር ጨምሮ ታየኝ፤ የቀን መቁጠሪያው ግን አልነበብልህ አለኝ። 660 ላይ ትቼዋለሁ።